ለጎጃም ጥናት የትኛውን ምንጭ እንምረጥ? ለመመረቂያ ጽሑፍ አዘጋጆች የቀረበ የንጽጽር መመሪያ

በባሕር ዳር፣ በደብረ ማርቆስ ወይም በእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፉን የሚያዘጋጅ ተማሪ ስለ ጎጃም ለመጻፍ ሲነሣ ከፊቱ ብዙ ዓይነት ምንጭ ይጠብቀዋል። የብራና መጽሐፍ አለ፤ የውጭ አገር ተጓዥ ማስታወሻ አለ፤ የወረዳ ሪፖርት፣ የጆርናል ጽሑፍ፣ ቀደም ብለው የተመረቁ ተማሪዎች ሥራ፣ የአረጋውያን ቃል፣ በመጨረሻም በስልኩ ላይ በሰከንድ የሚመጣ መልስ አለ። በክፍል ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው ምክር እነዚህን በማዕረግ መደርደር ነው፦ ጆርናል ከላይ፣ መጽሐፍ ቀጥሎ፣ ጋዜጣ ከዚያ በታች፣ የቃል መረጃ ከሁሉም በታች። ይህ አደራደር ለጀማሪ የተወሰነ መንገድ ያሳያል። ሆኖም በእኔ እምነት የጎጃምን ጉዳይ ለሚያጠና ሰው ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል፤ ምክንያቱም አንድ ምንጭ ለአንዱ ጥያቄ አስተማማኝ ሆኖ ሳለ ለሌላው ጥያቄ ጨርሶ የማይረባ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ከምርጫ በፊት የጥናቱን ጥያቄ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጽፎ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ከዚያ እያንዳንዱን ምንጭ በሦስት ነገር መፈተን ይቻላል፦ ጸሐፊው ወይም ተናጋሪው ነገሩን ያወቀው በምን መንገድ ነው፣ ነገሩን እንዲህ አድርጎ በማቅረቡ የሚጠቀመው ወይም የሚጎዳው ምን አለ፣ ከጻፈ በኋላስ ሥራውን ማን መረመረው። ከዚህ በታች ያለው ንጽጽር በእነዚህ ጥያቄዎች ላይ የቆመ ነው።

የታሪክ ጥናት፦ የዓይን ምስክር፣ ዜና መዋዕልና የኅዳግ ጽሑፍ

የዓይን ምስክር ከሁሉም ይበልጣል የሚለው አስተሳሰብ በተማሪዎች ዘንድ ሥር የሰደደ ነው። በሰከላ የሚገኘውን የግሽ ዓባይን ጉዳይ እንመልከት። ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1770 ከምንጩ ደርሶ ያየውን ጽፏል፤ መጽሐፉ ግን የታተመው እ.ኤ.አ. በ1790 ማለትም ከ20 ዓመት በኋላ ነው። ብሩስ የመጀመሪያው አውሮፓዊ ጎብኚ እኔ ነኝ ይል ነበር። ሆኖም ስፔናዊው ኢየሱሳዊ ካህን ፔድሮ ፓኤዝ በዚያው ቦታ እ.ኤ.አ. በ1618 ተገኝቶ ነበር፤ ብሩስም የእሱን ምስክርነት ለማጣጣል ብዙ ደክሟል። የአካባቢው ሰው ምንጩን ከሁለቱም በፊት ጠንቅቆ ያውቀው እንደነበር ደግሞ መናገር አያሻም። አንድ አጥኚ በዘመኑ በጎንደር ቤተ መንግሥት የነበረውን የሥልጣን ሽኩቻ ወይም ተጓዡ ያለፈባቸውን መንደሮች ሁኔታ ከፈለገ ብሩስ ከፍተኛ ጥቅም ይሰጠዋል። ማን ቀድሞ ደረሰ ለሚለው ጥያቄ ግን ብሩስ በራሱ ክብር ላይ ስለሚመሰክር ብቻውን አይበቃም። ሰውየውም መጽሐፉም አንድ ሆነው ሳለ ጥያቄው ሲለወጥ ተአማኒነቱ አብሮ ይለወጣል።

በአገር ውስጥ ጸሐፍት ላይም መመዘኛው ያው ነው። በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ቤተ መንግሥት ያገለገሉት አለቃ ተክለ ኢየሱስ ዋቅጅራ የጎጃምን ታሪክና ትውልድ ጽፈው አልፈዋል፤ ለጎጃም የትውልድ ሐረግና ለቤተ መንግሥቱ ሰዎች ጉዳይ ከእሳቸው ሥራ ጋር የሚወዳደር ምንጭ ማግኘት ከባድ ነው። በ1874 ዓ.ም. በእምባቦ ስለተደረገው ጦርነት የሚጽፍ ተማሪ ግን የጎጃሙን ወገን ጽሑፍ ከሸዋው ወገን ዜና መዋዕል ጎን አስቀምጦ ማንበብ አለበት። ሁለቱም ጌቶቻቸውን የሚያከብሩ ሰዎች የጻፏቸው ናቸው፤ ስለዚህ አንዱን ታማኝ፣ ሌላውን አድሏዊ ብሎ መምረጥ ዋጋ የለውም። የሚሻለው ሁለቱ የሚገናኙበትን ለይቶ ማውጣት ነው፤ ድሉ የምኒልክ መሆኑና ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት መማረካቸው አከራካሪ አይደለም። የሚለያዩበት ቦታ፣ ለምሳሌ ጠቡ በማን ጥፋት ተነሣ የሚለው፣ እንደ ክርክር እንጂ እንደ ተረጋገጠ እውነት ሊጻፍ አይገባውም። ከሁሉ ይልቅ ክብደት የሚሰጠው ጸሐፊው በገዛ ወገኑ ላይ የሚመሰክረው ቃል ነው፤ የጎጃም ጸሐፊ የጎጃምን ሽንፈት፣ የሸዋ ጸሐፊ የሸዋን ጭካኔ ሲያምን ያንን ቃል በጥንቃቄ መያዝ ይገባል።

በጎጃም ምድር ግን ከዜና መዋዕልም በላይ ለመሬትና ለማኅበራዊ ኑሮ ጥናት የሚጠቅም፣ ተማሪዎች ግን እምብዛም የማይደርሱበት ምንጭ አለ። በመርጡለ ማርያም፣ በዲማ ጊዮርጊስ፣ በደብረ ወርቅና በጣና ገዳማት ዓይነት ጥንታዊ አድባራት የሚቀመጡ የብራና መጻሕፍት፣ በተለይም ወንጌሎች፣ በባዶ ቅጠሎቻቸውና በኅዳጎቻቸው ላይ የጉልት ስጦታ፣ የርስት ሽያጭና የውርስ ውል ሊይዙ ይችላሉ። እንዲህ ያለ ጽሑፍ ሲገኝ ቀስ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። በማን ዘመነ መንግሥት እንደተሰጠ ይናገራል፤ ዳኞቹንና ምስክሮቹን በስም ይጠራል፤ ውሉን የሚያፈርሰውን ሰው በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን አውግዞ ሊዘጋ ይችላል። ያ ግዝት ለአጥኚው ጌጥ አይደለም፤ ስጦታው የሚፈርስበት ስጋት እንደነበረ ያሳያል። በሌላ በኩል ቀለሙና የእጅ ጽሑፉ ከዋናው መጽሐፍ እንደሚለይ፣ የተፋቀና በላዩ የተጻፈበት ስም እንዳለ፣ ጽሑፉ ራሱን የሚያስቀምጥበት ዘመን ከፊደሉ አጣጣል ጋር መስማማቱን መመርመር የግድ ነው፤ ደብሩ ለመሬቱ ክርክር በኋላ ዘመን ያስጻፈው ሊሆን ይችላልና። ከአንድ ተጓዥ ወፍራም መጽሐፍና ከአንድ ገጽ የኅዳግ ውል የመሬት ሥሪትን ለማጥናት አንዱን ምረጥ ብባል ያለ ማመንታት የኅዳጉን እመርጣለሁ። ተጓዡ ለማያውቀው አገር አንባቢ ጽፏል፤ ውሉ ግን የተጻፈው ስህተት ቢኖርበት በማግስቱ ሊከሱ በሚችሉ ሰዎች መካከል ነው።

ገድልና ተአምር ደግሞ በሌላ ሚዛን ይመዘናሉ። የአቡነ ዘርዐ ብሩክ ገድል ግሽ ዓባይ በሕዝቡ ዘንድ ለምን ቅዱስ እንደሆነ ለሚጠይቅ ሰው ተቀዳሚ ምንጭ ነው፤ የምንጩን ውኃ መጠን ለሚያጠና የውኃ ምህንድስና ተማሪ ግን አይደለም። ይህን ልዩነት መግለጽ ገድሉን ማቃለል አይሆንም።

የአረጋውያን ቃልና የመንግሥት ወረቀት

እ.ኤ.አ. በ1968 የተነሣው የጎጃም ገበሬዎች አመፅ ለዚህ ንጽጽር ከማንኛውም ርዕስ የተሻለ ነው። መነሻው እ.ኤ.አ. በ1967 መጨረሻ የታወጀው የእርሻ ገቢ ግብር ሲሆን፣ ገበሬው መሬቱ ተለክቶ ርስቱ ይነጠቃል ብሎ ፈራ፤ መንግሥት ጦር ላከ፤ በመጨረሻ ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከቦታቸው ተነሡ፣ የግብር ውዝፉም ተተወ። ስለዚህ አመፅ የአገር ግዛት ሚኒስቴር ደብዳቤ፣ የዘመኑ ጋዜጣና በሞጣ ወይም በዳሞት የሚኖሩ አረጋውያን ቃል ቢቀርቡ የትኛው ይመረጥ?

ጋዜጣው በቅድመ ምርመራ ዘመን የታተመ ስለሆነ መንግሥት ሕዝቡ እንዲያውቅለት የፈለገውን ያሳያል እንጂ በገጠር የሆነውን ለማወቅ ደካማ ነው። የቢሮ ደብዳቤ ከጋዜጣው ይሻላል፤ ምክንያቱም ለአደባባይ የታሰበ አልነበረም፣ ቀንና ፊርማም አለው። ነገር ግን ጸሐፊው ብዙውን ጊዜ በበላዩ ፊት ራሱን የሚከላከል ሹም ነው፤ አመፁን የጥቂት ሽፍቶች ሥራ አድርጎ ማቅረብ ይጠቅመዋል። አረጋውያን ገበሬው ምን እንዳሰበና ለምን እንደፈራ፣ ማን ከማን ጋር እንደማለ ይነግሩናል፤ ይህን ማንም ሹም አልጻፈውም። ቀንና ቁጥር ላይ ግን ትዝታ ይከዳል፤ በኋላ የመጣው አብዮትም የቀደመውን ታሪክ በራሱ ቀለም ቀብቶታል። ስለዚህ ለምክንያትና ለስሜት አረጋውያንን፣ ለቅደም ተከተልና ለትእዛዝ ደብዳቤውን ማስቀደም ይገባል።

አረጋውያንን በመምረጥ ረገድ አንድ ነገር አጥብቄ እመክራለሁ። የቀበሌ ሊቀ መንበር የሚያቀርባቸው አስር ሽማግሌዎች ብዙ ጊዜ አንድ ላይ ውለው የሚያመሹ፣ አንዱ የነገረውን ሌላው የሚደግም ሰዎች ናቸው፤ እንዲህ ሲሆን አስሩ እንደ አንድ ምስክር ይቆጠራሉ። ከተለያየ አጥቢያ፣ ከአመፀኛውም ከመልከኛውም (ከአካባቢው የመሬትና የግብር ሹም) ወገን፣ እንዲሁም በወቅቱ ልጃገረድ ከነበሩት እናቶች ለየብቻ መስማት ይበልጣል። የበላይ ዘለቀን ታሪክ የሚያጠና ሰው ደግሞ ቀረርቶና ፉከራ የጀግንነትን ትርጉም እንጂ የውጊያን ቀንና ቦታ ለመመዝገብ የተዘጋጁ እንዳልሆኑ ማስታወስ አለበት።

በዚሁ አጋጣሚ የዘመን አቆጣጠርን ጉዳይ ሳላነሣ አላልፍም፤ ታማኝ የሆኑ ሁለት ምንጮችን ያለ ምክንያት የሚያጋጭ እሱ ነውና። አዋጁ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1967፣ አመፁ በ1968 ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ግን ሁለቱም በ1960 ዓ.ም. ውስጥ ይወድቃሉ። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ መጨረሻዎቹ ቀናት ልዩነቱ 7 ዓመት፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን 8 ዓመት መሆኑን ረስቶ በጅምላ 8 ወይም 7 የሚቀንስ ተማሪ አዋጁን ወይም አመፁን በአንድ ዓመት ያዛባል። «ዓ.ም.» እና «እ.ኤ.አ.» ለይቶ የማይጽፍ ምንጭ ከተገኘ፣ በጽሑፉ ውስጥ ቀኑ በሌላ መንገድ በሚታወቅ ክስተት አቆጣጠሩን አረጋግጦ መጠቀም ይሻላል።

ቁጥር ሲፈለግ

የግብርና፣ የኢኮኖሚክስና የጂኦግራፊ ተማሪዎች ብዙውን ጊዜ በሦስት ምርጫዎች መካከል ይቆማሉ፦ በቀድሞ ስሙ ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ፣ በአሁኑ የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት በሚያወጣው አሃዝ፣ በወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት ሪፖርትና ራሳቸው በሚሰበስቡት መጠይቅ። ስታቲስቲክስ አገልግሎት የሰብል ምርትን የሚገምተው በናሙና በተመረጡ ቦታዎች፣ በዕጣ በወጣ የማሳ ክፍል ላይ ሰብል አጭዶ በመመዘን ነው። ዘዴው ተጽፎ ስለሚታተም ሊመረመር ይችላል። ናሙናው ግን ለዞን ደረጃ የተዘጋጀ በመሆኑ የአንድን ወረዳ የጤፍ ምርት ከእሱ ማውጣት አይቻልም። የወረዳው ሪፖርት በተቃራኒው እስከ ቀበሌ ድረስ ይዘረዝራል፤ የሚሰበሰበው ግን በልማት ጣቢያ ሠራተኞች ግምት ሲሆን፣ ያው ሠራተኛ ዕቅዱን በማሳካቱ ይገመገማል። በሪፖርቱ ላይ «ዕቅድ» እና «ክንውን» የሚሉት ዓምዶች ዓመት በዓመት ከመቶ ዘጠና በላይ የሚገጣጠሙ ከሆነ አጥኚው ማሳውን ሄዶ ማየት ይኖርበታል። እንግዲህ ጥያቄው ስለ ምሥራቅ ጎጃም በአጠቃላይ ከሆነ የስታቲስቲክሱ ይመረጥ፤ ስለ ሁለት እጁ እነሴ ወይም ስለ ይልማና ዴንሳ አንድ ቀበሌ ከሆነ ሪፖርቱን ለመነሻ ይዞ ራስ መለካት ነው። መጠይቅ ሲዘጋጅም ገበሬው በጥማድ ወይም በቃዳ፣ ማለትም በአካባቢው የመሬት መለኪያ፣ የነገረውን በቀጥታ በሩብ ሄክታር አስልቶ ከመጻፍ በፊት ጥቂት ማሳዎችን በጂ.ፒ.ኤስ. ለክቶ ማነጻጸር ተገቢ ነው።

የሕዝብ ቁጥር የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። አገሪቱ ሕዝብና ቤት የቆጠረችው እ.ኤ.አ. በ1984፣ በ1994 እና በ2007 ብቻ ነው። በመጨረሻው ቆጠራ ምሥራቅ ጎጃምና ምዕራብ ጎጃም እያንዳንዳቸው ከ2.1 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ተመዝግቦባቸዋል፤ የአማራ ክልል ድምር ከተጠበቀው በታች ሆኖ በመውጣቱም ብዙ ክርክር አስነሥቷል። ከዚያ ወዲህ የምናያቸው ቁጥሮች በሙሉ ትንበያ ናቸው፤ «በ2016 ዓ.ም. የዞኑ ሕዝብ ይህን ያህል ነው» የሚል ጽሑፍ ከየትኛው መነሻ ተንብዮ እንደሆነ ካልነገረን ከጎኑ ያለው አሃዝ እስከ አንድ ሰው ድረስ ቢዘረዘርም ትርጉም የለውም። «ጎጃም» የሚለው ወሰንም በየዘመኑ ተለውጧል፤ በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የነበረው ጠቅላይ ግዛት ዛሬ አዊ የምንለውንና በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ያለውን መተከልን ያጠቃልል ነበር። የቀድሞውን የጎጃም አሃዝ ከዛሬዎቹ ዞኖች ድምር ጋር አነጻጽሮ ሕዝቡ ጨመረ ወይም ቀነሰ ማለት ሁለቱም ምንጮች ትክክል ሆነው ሳለ የተሳሳተ ድምዳሜ ያስከትላል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልሉ ባለው ግጭት የመስክ ሥራ በተስተጓጎለባቸው ወረዳዎች የወጣ ሪፖርት ላይ ደግሞ ባለሙያው ቦታው ድረስ መድረስ ችሎ ነበር ወይ ብሎ መጠየቅ ግዴታችን ነው።

የፕሮጀክት ሰነድ የሚነግረን በአብዛኛው የታሰበውን ነው። የመርዓዊው የቆጋ መስኖ 7,000 ሄክታር ያህል እንዲያለማ ታቅዶ የተሠራ ነው፤ በአንድ በተወሰነ ዓመት ውኃ የደረሰው መሬት ስንት ነው ለሚለው ግን የውኃ ተጠቃሚዎችን ማኅበራትና የሳተላይት ምስልን ማየት ይሻላል። በአዊ ዞን በፋግታ ለኮማ የተስፋፋውን ዲከረንስ የተባለ የግራር ዓይነት ተክል ለሚያጠናም እንደዚሁ ነው፤ ሳተላይቱ ምን ያህል እርሻ ወደ ደን እንደተለወጠ ይመሰክራል፣ ገበሬው ለምን ጤፉን ትቶ ለከሰል እንደተከለ የሚናገረው ግን ራሱ ብቻ ነው።

ጆርናል ሁሉ አንድ አይደለም

የአቻ ግምገማ፣ ማለትም የዘርፉ ሌሎች ምሁራን ምርመራ፣ ያለፈ ጽሑፍ ካላለፈው ይሻላል፤ ይህን አልክድም። ችግሩ ግምገማ አለን የሚሉት ሁሉ የሚያደርጉት አለመሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ጆን ቦሃነን የተባለ ጋዜጠኛ ሆን ብሎ በስህተት የሞላውን የሐሰት ጥናት ለ304 ክፍት፣ ማለትም ማንም በነፃ ለሚያነባቸው፣ ጆርናሎች ልኮ 157ቱ ተቀብለውታል። በሌላው ጫፍ፣ ላንሴት የተባለው ታላቅ የሕክምና ጆርናል እ.ኤ.አ. በ1998 ክትባትን ከኦቲዝም ጋር የሚያያይዝ፣ በ12 ሕፃናት ላይ ብቻ የቆመ ጽሑፍ አትሞ፣ ሙሉ በሙሉ የሰረዘው በ2010 ነው። ስለዚህ ሁለት ነገር ማየት ያስፈልጋል፦ ጆርናሉ እውነት ይገመግማል ወይ፣ ጽሑፉስ እስካሁን አልተሰረዘም ወይ።

ለመጀመሪያው ጥያቄ የጆርናሉን የራሱን ገጽ ማመን አይገባም። «ስኮፐስ በተባለው ዓለም አቀፍ የጆርናሎች ማውጫ ተመዝግበናል» ካለ በስኮፐስ ዝርዝር ውስጥ ራሱን ፈልጎ ማየት፣ ክፍት ጆርናል ከሆነ ዲ.ኦ.ኤ.ጄ. በተባለው ማውጫ መኖሩን ማረጋገጥ፣ የአርታዒ ቦርዱ አባላት በየዩኒቨርሲቲያቸው ገጽ ላይ ይህን ሥራ ስለመያዛቸው ማጣራት ይቻላል። የአይ.ኤስ.ኤስ.ኤን. (የጆርናል መለያ) ወይም የዲ.ኦ.አይ. (የጽሑፍ መለያ) ቁጥር መኖር መለያ እንጂ የጥራት ምስክር አይደለም። ጉግል ስኮላርም ጽሑፉ የምሁር ጽሑፍ ቅርጽ ካለው ያለ ልዩነት ይሰበስባል፤ እዚያ መገኘት ብቻውን ምንም አያረጋግጥም። በሦስት ቀን ተገምግሞ ይታተማል ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ጆርናል ይቅር።

የቀድሞ ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፍ በፈታኞች ፊት ቀርቧል፤ ነገር ግን የፈታኝ ትኩረት በዘዴው ላይ እንጂ በእያንዳንዱ አሃዝ ላይ አይደለም። ለአካባቢ ዝርዝር ከብዙ የውጭ ጆርናል ይበልጣል፤ በዋናው ክርክር ላይ ግን ዋቢ አድርጎ ከመጥቀስ ዋቢው ወደ ጠቀሰው መውረድ ይገባል። በጎጃም ጥናቶች ውስጥ አንድ አሃዝ ከአንድ ጽሑፍ ወደ ሌላው እየተላለፈ፣ የመጀመሪያው ሰው ምንም ምንጭ ሳይጠቅስ የጻፈው ሆኖ መገኘቱ ከሚታሰበው በላይ የተለመደ ነው። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች የሚባለው በዋቢ ላይም ይሠራል። መነሻውን ያላየ አጥኚ «ተብሎ ተጠቅሷል» ብሎ መካከለኛውን ምንጭ በግልጽ ማሳወቅ አለበት።

ኢንተርኔትና ሰው ሠራሽ አስተውሎት

እ.ኤ.አ. በ2010ዎቹ መጨረሻ በስታንፎርድ የተሠራ ጥናት 10 የታሪክ ምሁራንን፣ 10 መረጃ አጣሪዎችንና 25 ተማሪዎችን አወዳድሮ፣ ከሁሉ ፈጥነው ወደ ትክክለኛ ፍርድ የደረሱት መረጃ አጣሪዎቹ መሆናቸውን አሳይቷል። ምስጢሩ ገጹን ከላይ እስከ ታች ከማንበብ ይልቅ ወዲያው ወጥተው ሌሎች ስለዚያ ድርጅት ምን እንደሚሉ መፈለጋቸው ነበር። ይህ ለእኛም ይሠራል፤ ስለ አንድ ገዳም ታሪክ የሚያወራ ያማረ ገጽ ሲገኝ የገጹን ባለቤት ማንነት በሌላ ምንጭ ማጣራት ይቅደም።

ሰው ሠራሽ አስተውሎት ርዕስን ለማፍታታትና የውጭ ቋንቋን ጽሑፍ ለመረዳት ያግዛል፤ በዋቢነት ግን አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2023 በኒው ዮርክ ጠበቆች ይህ መሣሪያ የፈጠረላቸውን የሌሉ የፍርድ ውሳኔዎች ለዳኛ አቅርበው 5,000 ዶላር ተቀጥተዋል። ስለ ጎጃም በኢንተርኔት ያለው ጽሑፍ ጥቂት በመሆኑ የፈጠራው ስጋት ይብሳል። የሰጠው ዋቢ በቤተ መጻሕፍት ወይም በጆርናሉ ገጽ በዓይን ካልታየ ከዝርዝሩ ይውጣ።

ሁለት ተአማኒ ምንጮች ሲጋጩ

እንዲህ ሲሆን አንዱን ደብቆ ሌላውን መጥቀስ ከሁሉ የከፋ ምርጫ ነው። ሁለቱንም በጽሑፉ አካል ውስጥ አስቀምጦ፣ እያንዳንዱ ነገሩን በምን መንገድ እንዳወቀው ገልጾ፣ የትኛውን ለምን እንዳስቀደሙ በሁለት ዓረፍተ ነገር ማስረዳት ይበቃል። ልዩነቱ ከወሰን፣ ከዘመን አቆጣጠር ወይም ከመለኪያ የመጣ መሆኑ ከታወቀ ግጭቱ ይፈታል፤ ካልታወቀም ለአማካሪው ጥያቄ አድርጎ ማቅረብ ይቻላል። የቃል መረጃ ሲሆን ደግሞ ተናጋሪው እንዲቀረጽ መፍቀዱን፣ የተነገረበትን ቦታና ቀን፣ ቅጂው የት እንደተቀመጠ በዘዴ ምዕራፉ ውስጥ መጻፍ ያስፈልጋል፤ ቀጣዩ አጥኚ ያንኑ ቃል ሰምቶ የራሱን ፍርድ ሊሰጥ የሚችለው ይህ ሲኖር ነውና።